ለስላሳዪቱን ጎማ በትክክል ስለ መለካት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)

ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ታሪክና ስለ ሥነ ጽሑፍ ታላላቅ ነገሮችን አንሥተዋል። እኛ የመረጥነው ነገር ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ ይኸውም ስፋቷ ከአንድ የካፖርት ቍልፍ የማይበልጥ የአሻንጉሊት አውቶሞቢል ጎማ ናት። ይህችን ጎማ በትክክል ለመለካት ሰዎች በምን በምን መሣሪያ እንደሚጠቀሙ፤ መሣሪያውም ደኅና ሆኖ ሳለ የያዘው እጅ እንዴት ቍጥሩን ሊለውጠው እንደሚችል ልንገልጽላችሁ እንወዳለን።

«ስለ አሻንጉሊት ጎማ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልጋል?» የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን የትልቁ የጭነት መኪና ፒስቶንና የዚህች የትንሿ ጎማ ልክ የሚታወቀው በአንድ ዓይነት መሣሪያ ነው። እንዲያውም ለለካ ሰው ከፒስቶኑ ይልቅ ጎማዪቱ ታስቸግረዋለች። ፒስቶኑ ብረት ስለ ሆነ መሣሪያው ሲነካው ጸንቶ ይቆያል፤ ጎማዪቱ ግን ሲነኳት ትሸሻለች፤ ሲጫኗት ትጠባለች፤ ሲለቋት ትመለሳለች። ስለዚህ መለካት ምን እንደ ሆነ ሊማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህች ጎማ የተሻለ አስተማሪ በቀላሉ አይገኝም።

በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ አውቶሞቢሏ እንናገር። በእንግሊዝኛ ስሎት ካር የምትባለው ትንሽ አውቶሞቢል በኤሌክትሪክ ኀይል የምትሄድ የውድድር አሻንጉሊት ናት። የምትሄድበት መንገድ በመካከሉ ቀጭን ስንጥቅ አለው፤ ከአውቶሞቢሏ ፊት በታች የወጣ ምላስ የሚመስል መሪ በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ መንገድ እንዳትስት ይመራታል። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ የተዘረጉት ሁለት የብረት ጥብጣቦች ኤሌክትሪክ ይሰጧታል። ተወዳዳሪው በእጁ በያዘው መቈጣጠሪያ ኀይሉን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ መሪ የሚያዞር ሰው የለም። እንግዲህ የተወዳዳሪው ጥበብ ሁለት ነው፤ አንደኛው በመታጠፊያው ላይ ኀይሉን በጊዜው መቀነስ፤ ሁለተኛው ከውድድሩ በፊት አውቶሞቢሏን በሚገባ ማዘጋጀት። የጎማ ልክ የሚመጣው በዚህ በሁለተኛው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የሚገኘው ላይነል የተባለው የአሻንጉሊት ባቡር ፋብሪካ ገና በ1912 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ትንንሽ አውቶሞቢሎችን ሠርቶ ሸጦ ነበር። ጨዋታው በዓለም የታወቀው ግን በእንግሊዝ አገር ነው። ሚኒሞዴልስ የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው ፍሬድ ፍራንሲስ በ1952 ዓ.ም. ስኬሌክስ የተባሉትን በጥቅል ሞላ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች አወጣ። ሞላው ሲያልቅ አውቶሞቢሉ ይቆማል፤ ልጁም የሚያደርገው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ፍራንሲስ በሞላው ፋንታ የኤሌክትሪክ ሞተር አግብቶ፤ የሁለቱን ነገር ስም አጋጥሞ ስኬሌክስትሪክ ብሎ በ1957 ዓ.ም. በሀሮጌት ከተማ በተደረገው የአሻንጉሊት ትርዒት ላይ ለሕዝብ አሳየ። በአሜሪካም ኦሮራ የተባለው ድርጅት በ1960 ዓ.ም. ከነዚህ ይልቅ ያነሱትን ኤች ኦ የሚባሉትን አውቶሞቢሎች ገበያ ላይ አዋለ። ዛሬም በብዙ አገሮች ሽማግሌዎችና ልጆች ባንድነት ይወዳደሩባቸዋል።

የስኬሌክስትሪክ ዓይነቶቹ አውቶሞቢሎች ከእውነተኛው አውቶሞቢል 32 ጊዜ ያነሱ ናቸው። የኋላ ጎማቸው ወርድ፤ ማለት በማእከሉ በኩል ከዳር እስከ ዳር የሚለካው ዲያሜትር፤ ወደ 20 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የኤች ኦዎቹ ደግሞ ግማሽ ያህል ይሆናሉ፤ አሜሪካኖች ጎማቸውን የሚጠሩት በኢንች ሺኛ ስለ ሆነ «አራት መቶ አርባ» ሲሉ 0.440 ኢንች ማለታቸው ነው፤ ይህም 11.18 ሚሊሜትር ያህል ነው።

እንግዲህ የአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ ክፍል ቢጨመር ወይም ቢጐድል ምን ያመጣል? ይህን በቁጥር እናሳይ። ዲያሜትሯ 20 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ አንድ ጊዜ ስትዞር 62.83 ሚሊሜትር መንገድ ትሄዳለች፤ ይህም 20 በፓይ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ሞተሩ በደቂቃ 18,000 ጊዜ ቢዞርና ጥርሶቹ ይህን በሦስት ቢከፍሉት፤ ጎማዪቱ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ትዞራለች። አውቶሞቢሏም በደቂቃ 377 ሜትር፤ በሰዓትም ከ22 ኪሎሜትር በላይ ትሮጣለች ማለት ነው። ጎማዪቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቃ 19.9 ሚሊሜትር ብትሆን ግን በአንድ ዙር የምትሄደው 62.52 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። የጐደለው የአንድ ሚሊሜትር ሲሶ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ርዝመቱ 30 ሜትር የሆነ መንገድ ሲያልቅ ጎማዪቱ ከ477 ጊዜ በላይ ስለምትዞር፤ ሞተሩ እኩል ዞሮ ሳለ ጉድለቱ 15 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ሃያ ጊዜ ሲዞሩት ሦስት ሜትር ይሆናል። በፀጕር የምትመሰለው ጉድለት በእርምጃ የምትቈጠር ሆነች ማለት ነው። እርግጥ ነው ትልቅ ጎማ ሁልጊዜ ይቀድማል አንልም፤ ትልቋ ጎማ በረጅሙ መንገድ ስትጠቅም ትንሿ ደግሞ ከመታጠፊያ ሲወጡ ፈጥና ትነሣለች። ምርጫው የተወዳዳሪው ነው፤ ነገር ግን ለመምረጥ በመጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት የሁለቱ ጎማዎች እኩልነት ነው። በእውነተኛው አውቶሞቢል የኋላ ዘንግ ላይ ዲፈረንሲያል የተባለ ክፍል ስላለ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት ሊዞሩ ይችላሉ። በአሻንጉሊቷ ግን ሁለቱም በአንድ ደረቅ ዘንግ ላይ ተተክለዋል። የቀኙ 20.0 የግራውም 19.9 ሚሊሜትር ቢሆን፤ በ30 ሜትር ውስጥ አንደኛው 15 ሴንቲሜትር ያህል እየተንሸራተተ መጐተት ይገባዋል። አውቶሞቢሏ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሳትቀር ወደ አንድ ወገን ትጐትታለች፤ ባለቤቷም ምክንያቱን ሳያውቀው ሞተሩን ሲነቅልና ሲተክል ይውላል።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። በብዙዎቹ አውቶሞቢሎች ሆድ ሥር ማግኔት ይደረጋል፤ ማግኔቱ በመንገዱ ላይ ያሉትን የብረት ጥብጣቦች እየሳበ አውቶሞቢሏ በመታጠፊያ ላይ እንዳትወጣ ይይዛታል። የማግኔት ጕልበት ደግሞ ርቀቱ ጥቂት ሲጨምር በብዙ ይደክማል። የጎማው ዲያሜትር በአንድ ዐሥረኛ ሲቀንስ የአውቶሞቢሏ ሆድ በግማሹ፤ ማለት በ0.05 ሚሊሜትር ወደ መንገዱ ይቀርባል። ይህች ለዓይን የማትታይ ለውጥ አውቶሞቢሏ በመንገዱ ላይ ተጣብቃ እንድትሄድ ወይም በመታጠፊያው እንድትወረወር ታደርጋለች። የውድድር ደንብ አውጪዎች የጎማውን መጠንና የሆዱን ከፍታ መወሰን የሚወዱት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። አባቶቻችን ጨርቅ በክንድ፤ እንጨትም በስንዝር ይለኩ ነበር። ክንድ መልካም መለኪያ ነው፤ ባለቤቱ የትም አይረሳውም። ጕድለቱ ግን የረጅሙ ሰው ክንድና የአጭሩ ሰው ክንድ አንድ አለመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ገዢው ረጅም ዘመዱን ይዞ ወደ ገበያ ቢሄድ አይደንቅም። ሳይንስ ከክንድ የሚለየው ማንም ቢለካው አንድ ቍጥር የሚሰጥ መለኪያ በመፈለጉ ነው። ይህም ቢሆን በቶሎ የተገኘ አይደለም። የእንግሊዝና የአሜሪካ ኢንች እንኳ በጥቂቱ ይለያዩ ነበር፤ አንድ ኢንች ልክ 25.4 ሚሊሜትር እንዲሆን እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆኑት አገሮች የተስማሙበት ውል በሥራ ላይ የዋለው በ1959 ዓ.ም. ነው።

ከመሣሪያዎቹ የመጀመሪያው ሁላችንም በቦርሳችን የምንይዘው ማስመሪያ ነው። በማስመሪያ የሚሊሜትርን ግማሽ ያህል መገመት ይቻላል፤ ከዚያ በታች ግን ዓይን ይታለላል፤ በተለይም ከጎን ሆነው ሲያዩት መስመሩ ከቦታው የተንቀሳቀሰ ይመስላል።

ሁለተኛው ባለሁለት መንጋጋው ካሊፐር ነው። በላዩ ያለው ተንሸራታች ማስመሪያ ቬርኒየር ይባላል፤ ስሙን ያገኘውም በ1631 ዓ.ም. ይህን ብልሃት በመጽሐፍ ካሳተመው ከፈረንሳዊው ከፒየር ቬርኒየር ነው። ብልሃቱ ቀላል ነው። 19 ሚሊሜትር በሃያ እኩል ክፍል ቢከፈል እያንዳንዱ ክፍል ከሙሉው ሚሊሜትር በ0.05 ያንሳል። ስለዚህ ከሃያዎቹ ጭረቶች የትኛው ከዋናው ማስመሪያ ጭረት ጋር እንደ ተጋጠመ በማየት የሚሊሜትርን ሃያኛ ክፍል ማንበብ ይቻላል። ዛሬ ቍጥሩን በመስኮት የሚያሳዩ የኤሌክትሮኒክ ካሊፐሮች በብዛት ይገኛሉ። ከነርሱ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ መስኮቱ 19.87 ብሎ እስከ መቶኛው ቢጽፍም የመሣሪያው ታማኝነት አብዛኛውን ጊዜ 0.02 ወይም 0.03 ወዲያና ወዲህ ነው። የተጻፈ ቍጥር ሁሉ የታወቀ ቍጥር አይደለም።

ሦስተኛው ማይክሮሜትር ነው። ፈረንሳዊው ዣን ሎራን ፓልሜር በ1848 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ይህ መሣሪያ በ1867 ዓ.ም. በፓሪስ ትርዒት ላይ ቀርቦ ሳለ፤ ጆሴፍ ብራውንና ሉሽያን ሻርፕ የተባሉት አሜሪካኖች አይተውት ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ አሻሽለውም በፋብሪካቸው ይሠሩት ጀመር። የሚሠራው በብሎን ነው። ብሎኑ አንድ ጊዜ ሲዞር 0.5 ሚሊሜትር ወደ ፊት ይሄዳል፤ በእጅ የሚዞረው በርሜል ዙሪያው በ50 ተከፍሏል። ስለዚህ አንዱ ጭረት 0.01 ሚሊሜትር ነው። እጅግ ትንሿን እርምጃ በትልቅ ዙሪያ ላይ አስፍቶ ለዓይን ማሳየት፤ የማይክሮሜትር ጥበብ ይህ ነው። በዚህም ላይ የሚለካው ነገርና መለኪያው ብሎን በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ናቸው። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት አቤ በ1890 ዓ.ም. እንዳስተማረው፤ ሁለቱ በአንድ መስመር ካልሆኑ ጥቂት መዘንበል ስሕተት ያመጣል። የካሊፐር መንጋጋ ከማስመሪያው ራቅ ብሎ ስለሚነክስ ይዘነብላል፤ ማይክሮሜትር ግን አይዘነብልም።

ማይክሮሜትር ካለን እንግዲህ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ዋናው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ማይክሮሜትር ብረትን በሚይዝበት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኒውተን በሚደርስ ጕልበት ይጫናል፤ ይህ ግማሽ ኪሎ ወይም አንድ ኪሎ የሚመዝን ዕቃ እንደ መጫን ነው። ለብረት ይህ ምንም አይደለም። ከስፖንጅ ወይም ከለስላሳ ላስቲክ የተሠራች ጎማ ግን ከዚህ ጫና በታች ትጨፈለቃለች። ሦስት ሰዎች ያችኑ አንዲት ጎማ በዚያው በአንዱ መሣሪያ ቢለኩ፤ ባለጠንካራ እጁ ትንሽ ቍጥር፤ ባለቀስተኛ እጁም ትልቅ ቍጥር ያወጣሉ። ሦስቱም ቍጥሩን በትክክል አንብበዋል፤ ሦስቱም እውነት ተናግረዋል፤ ነገር ግን የለኩት ጎማዪቱን ብቻ ሳይሆን የገዛ ጣታቸውን ጕልበት ጭምር ነው።

ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በገበያችን ጥጥ የሚሸጥ ሰው በጆንያ ሲሰፍር ጠቅጥቆ ከሞላውና ልል አድርጎ ከሞላው አንድ ጆንያ ሁለት ዓይነት ይሆናል። እህል የሚሰፍርም ቁናውን ነቅነቅ ቢያደርገው፤ ወይም አፉን ቢመትረው፤ ወይም ቢቈልለው ልኩ ይለያያል። ቁናው አንድ ነው፤ አሰፋፈሩ ግን ሦስት ነው። ስለዚህ ብልኆች ገበያተኞች ስለ ቁናው ብቻ ሳይሆን «ምትር ነው ወይስ ቍልል?» ብለው አስቀድመው ይስማማሉ። የጎማዪቱም ጕዳይ ይኸው ነው፤ በየትኛው መሣሪያ እንደ ተለካች ብቻ ሳይሆን በምን ያህል ጫና እንደ ተለካች መታወቅ አለበት።

ለዚህ ችግር ሰዎች ያገኙት መፍትሔ ከአንድ በላይ ነው።

አንደኛው ዳኛ መሣሪያ ነው፤ በፋብሪካ የሚያልፍና የማያልፍ መለኪያ ይሉታል። ይህ መሣሪያ ቍጥር አይናገርም፤ የሚናገረው «ያልፋል» ወይም «አያልፍም» ብቻ ነው። ለምሳሌ የውድድሩ ደንብ ጎማ ከ19.80 ሚሊሜትር እንዳያንስ ቢያዝ፤ ወርዱ ልክ 19.80 የሆነ ቀዳዳ በብረት ሠሌዳ ላይ ይሠራል። ጎማዪቱ በቀዳዳው ላይ ቀስ ብላ ትቀመጥና ማንም አይገፋትም። በገዛ ክብደቷ ወርዳ ካለፈች አንሳለች፤ ከቀረች ደንቡን ጠብቃለች። ጎማዪቱ ከነጕልላቷ ሦስት ግራም ብትመዝን የሚጫናት ጕልበት ሦስት ግራም ብቻ ነው፤ ይህም ከማይክሮሜትሩ ጫና ከመቶ ዕጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ያ ጫና ለሀብታሙም ለድኻውም፤ ለዳኛው ወዳጅም ለማያውቀውም አንድ መሆኑ ነው። የቀዳዳው ልክ ራሱ ትክክል መሆኑም ይመረመራል፤ ለዚህ ሥራ ስዊድናዊው ካርል ኤድቫርድ ዮሐንሶን የፈለሰፋቸው እጅግ የተስተካከሉ የብረት ብሎኮች ዛሬም የዓለም ፋብሪካዎች ሁሉ መመዘኛ ናቸው።

ሁለተኛው መፍትሔ ሳይነኩ መለካት ነው። በትልልቅ ፋብሪካዎች የዕቃውን ጥላ አጕልቶ በመስተዋት ላይ የሚጥል መሣሪያ አለ፤ ዐሥር ወይም ሃያ ጊዜ የተጐላውን ጥላ ለክተው በዚያው ልክ ይከፍሉታል። በሌዘር ብርሃን የሚሠራውም ጎማዪቱ ብርሃኑን የጋረደችበትን ስፋት ይቈጥራል። ብርሃን ጎማን አይጨፈልቅም። እነዚህ መሣሪያዎች ውድ ናቸው፤ ሐሳባቸው ግን ርካሽ ነው። ማይክሮሜትሩን ይዞ ወደ መስኮት ማዞር፤ በጎማዪቱና በመንጋጋው መካከል የምትታየዋ የብርሃን መስመር ልትጠፋ ስትል ማቆም፤ ይህን ማንም ሊያደርገው ይችላል። እጅ የሚያሳስተውን ዓይን ያርመዋል ማለት ነው።

ሦስተኛውን መፍትሔ በተለይ ለጓደኞቻችን እንናገራለን፤ ከማስመሪያና ከወረቀት በቀር ምንም አይፈልግምና። በጎማዪቱ ጎን ላይ በቀለም አንድ ነጥብ ይደረጋል። ነጥቡ ወደ ታች ሆኖ በወረቀት ላይ ምልክት ከተደረገ በኋላ አውቶሞቢሏ ሳትንሸራተት ቀስ ተብላ በቀጥታ ትገፋለች፤ ነጥቡ ዐሥር ጊዜ ዞሮ ወደ ታች ሲመለስ ሁለተኛ ምልክት ይደረጋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ለምሳሌ 624 ሚሊሜትር ቢሆን፤ ለ31.416 ሲካፈል ዲያሜትሩ 19.86 ሚሊሜትር ይሆናል። በማስመሪያው ንባብ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ብንስት እንኳ ያ ስሕተት አብሮ ለ31.4 ስለሚካፈል የሚቀረው 0.016 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አዙረን ብንለካ ግን ስሕተቱ 0.16 ይሆን ነበር። ትዕግሥት ዐሥር ጊዜ ቢጨመር ስሕተት ዐሥር ጊዜ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ይህ አለካክ ጎማዪቱ የአውቶሞቢሏን ክብደት ተሸክማ በምትሄድበት ሁኔታ የሚገኘውን ልክ ይነግረናል። ይህ ልክ ነጻ ሆና ስትለካ ከሚገኘው ጥቂት ያንሳል፤ መንገዱ የሚያውቀውም ይህን ነው።

ስለ ክብነትም አንድ ቃል እንጨምር። ጎማ በሁሉም ወገን ስትለካ አንድ ቍጥር ከሰጠች ክብ ናት ብሎ ማመን ቀላል ነው፤ ግን እውነት አይደለም። ሦስት ጕብጕብ ጎኖች ያሉት ቅርጽ አለ፤ በየትኛውም ወገን በካሊፐር ቢነክሱት ወርዱ አንድ ነው፤ ሲንከባለል ግን ማእከሉ ይዘላል። ይህን ስውር ጕድለት የሚያገኘው ሰዓት የሚመስለው ባለቀስት መለኪያ ነው። ዘንጉ በቦታው ሆኖ ጎማዪቱ ቀስ ብላ ስትዞር፤ የመለኪያው ጫፍ በላይዋ ያርፋል፤ ቀስቱም የጎማዪቱን ከፍና ዝቅ ማለት እየተከተለ ይወዛወዛል። ቀስቱ ጸጥ ካለ ጎማዪቱ ክብ ናት። ካልሆነች ዘንጉን እያሽከረከሩ በብርጭቆ ወረቀት ላይ በማስነካት ያስተካክሏታል።

ከየትኛውም መሣሪያ ጋር የሚሄዱ ልማዶችም አሉ። ከመለካት በፊት መንጋጋዎቹን ጠርጎ፤ ገጥሞ፤ ዜሮ መሆናቸውን ማየት። ጎማዪቱን ከአቧራና ከዘይት ማጽዳት፤ ዘይት ላስቲክን እንደሚያሳብጥ ይታወቃልና። ከውድድር ወጥታ የሞቀች ጎማን ወዲያው አለመለካት፤ ላስቲክ ሲሞቅ ከብረት ይልቅ በብዙ ይሰፋልና። የዓለም ሊቃውንት በ1931 ዓ.ም. የርዝመት መለኪያ ሁሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን የወሰኑት እንዲህ ያለውን ለውጥ በማሰብ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በብዙ ቦታ ለክቶ አማካዩን መውሰድ። በመጨረሻም ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን በምን መሣሪያና እንዴት እንደ ተለካ ጨምሮ መጻፍ።

የተወደዳችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤

የዚህ ሁሉ ፍሬው ምንድር ነው? አንድ ወጣት ለብዙ ሳምንት ለፍቶ ያዘጋጃት አውቶሞቢል በውድድሩ ቀን ወደ መርማሪው ገበታ ትቀርባለች እንበል። በቤቱ ሲለካት ጎማዋ 19.82 ነበረች። መርማሪው ግን ካሊፐሩን ጠበቅ አድርጎ ቢይዝ 19.77 ያነብና «ደንቡን አላሟላህም፤ ውጣ» ይለዋል። ወጣቱ አላታለለም፤ መርማሪውም አልዋሸም። ቢሆንም ግፍ ተሠርቷል። ግፉ የመጣው ከክፋት ሳይሆን አለካኩ አስቀድሞ ባለመወሰኑ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ወጣት ደንብን ሁሉ የጕልበተኛ ፈቃድ አድርጎ ቢቈጥረው፤ ወይም በሚቀጥለው ጊዜ በመርማሪው እጅ ላይ ቢመካ ማን ይፈርድበታል? ሁሉም በሚያየው ቀዳዳ ላይ ጎማዋ በገዛ ክብደቷ ብትፈተን ኖሮ ግን፤ ብትወድቅም እንኳ ያለ ቂም ይመለስና ጎማውን ያስተካክል ነበር። የተሸነፈው ሰው አምኖ የሚቀበለው መለኪያ፤ መልካም መለኪያ እርሱ ነው።

ነገሩ በጨዋታ ላይ የሚቀር አይደለም። ከእኛ መካከል ነገ አንዱ በቶርኖ ቤት ዘንግ ይቀርጻል፤ ሌላው በጋራዥ ኩሽኔታ ይገጥማል፤ ሌላዪቱ በሐኪም ቤት የመድኀኒት መጠን ትሰፍራለች፤ ሌላዪቱም የገበሬን መሬት ትለካለች። ዘንጉ በሁለት መቶኛ ሚሊሜትር ቢወፍር ኩሽኔታው አይገባም፤ ቢቀጥን ይላወሳል፤ በዚያም መኪና የሚሳፈሩ ሰዎች አሉ። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ቍጥሩ ስንት ነው?» ከሚለው በፊት «ይህን ቍጥር ሌላ ሰው ቢለካው ያገኘዋልን?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ውድ መሣሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። በአንድ ማስመሪያና ዐሥር ጊዜ በመንከባለል የሚሊሜትርን መቶኛ መጠጋት እንደሚቻል አይተናልና፤ መሣሪያ የለንም ብለን በግምት የምንሠራበት ምክንያት የለም።

አባቶቻችን «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። ቃሉ ስለ ፍርድ የተነገረ ቢሆንም ለሠራተኛም ለተማሪም ይስማማል። ሌላውን የምንለካበት መለኪያ እኛም ልንለካበት የምንወድደው እንዲሆን፤ የያዝነውም እጅ በወዳጅ ላይ ላልቶ በባዕድ ላይ የማይጠብቅ እንዲሆን ትንሿ ጎማ ታስተምረናለች።

ትምህርት ቤታችን ብዙ ዘመን ኖሮ፤ በሥራቸው ልክ የሚታመኑ ወጣቶችን እንዲያፈራ ምኞታችን ነው።